ኦቲዝም ያለባቸው ልጆችና ቤተሰቦቻቸው፤ ርዳታው ከየት ይገኛል?

ለቤተሰብና ለቁምስና ማኅበራት የቀረበ ትምህርት

መግቢያ

ጌታችን ኢየሱስ ክርስቶስ በመንገድ ሲያልፍ ከተወለደ ጀምሮ ዐይነ ስውር የነበረውን ሰው ባየ ጊዜ፣ ደቀ መዛሙርቱ ያነሡት ጥያቄ ይህን ሰው እንዴት እንርዳው የሚል አልነበረም። እነርሱ ለማወቅ የፈለጉት ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ነበር፤ ራሱ ነውን ወይስ ወላጆቹ? (ዮሐ. 9፥1-3)። ጌታችን ግን ጥፋተኛ የመፈለጉን መንገድ ዘጋው። የሰውየውም ሆነ የወላጆቹ ኃጢአት ምክንያት እንዳልሆነ ከነገራቸው በኋላ የእግዚአብሔርን ሥራ ሊሠራ ወደ ሰውየው ቀረበ።

የደቀ መዛሙርቱ ጥያቄ በየሰፈራችን ዛሬም አልተቋረጠም። አንድ ልጅ ሦስትና አራት ዓመት ሞልቶት አፉን ሳይፈታ ሲቀር፣ ስሙ ሲጠራ ዞር ብሎ ሳያይ ሲቀር፣ ከእኩዮቹ ተለይቶ ብቻውን ሲውል ጎረቤት ይንሾካሾካል፤ ዘመድም እናቲቱን መመርመር ይጀምራል። «በእርግዝናዋ ጊዜ ምን አድርጋ ነው?»፣ «የማን እርግማን ደርሶባት ነው?» ይባላል። ከዚህም የተነሣ ከዕድርና ከማኅበር የቀሩ እናቶች አሉ፤ ትዳራቸው የፈረሰም አሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር ወደ ጓዳ እየተገፉ፣ በር እየተዘጋባቸው የሚያድጉ ልጆችም አሉ።

በዚህ ትምህርት ጥያቄውን እንለውጥ እንላለን። «ማን በደለ?» የሚለውን ትተን «ርዳታው ከየት ይገኛል?» ብለን እንጠይቃለን። መልሱም በአንድ ስፍራ ተከማችቶ የሚጠብቅ ሳይሆን ከጤና ጣቢያ፣ ከቤት፣ ከትምህርት ቤትና ከቁምስና ተሰብስቦ የሚገጣጠም መሆኑን እንመለከታለን።

1. ኦቲዝም ምንድን ነው?

ኦቲዝም ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ፣ ከሕፃንነት ጀምሮ የሚታይና ዕድሜ ልክ አብሮ የሚኖር ሁኔታ ነው። ተላላፊ አይደለም፤ እብደትም አይደለም። በሁለት ዋና ዋና ነገሮች ይታወቃል። አንደኛው ከሰው ጋር የመግባባት ችግር ነው። ልጁ ዐይን ለዐይን አይተያይም፤ የሚፈልገውን በጣቱ ጠቁሞ አያሳይም፤ ንግግሩ ይዘገያል፤ ወይም የሰማውን ቃል እንደ ገደል ማሚቶ መልሶ መላልሶ ይናገራል። ሁለተኛው አንድን ነገር የመደጋገምና ለውጥን ያለመቀበል ጠባይ ነው። እጁን ያርገበግባል፤ በጣቶቹ ጫፍ ይራመዳል፤ ዕቃ ይደረድራል፤ የለመደው መንገድ ወይም ሳህን ሲቀየርበት እጅግ ይጨነቃል። ብዙዎቹ ልጆች ድምፅ፣ ብርሃን፣ ሽታ ወይም የልብስ ሻካራነት ከሌላው ሰው በበለጠ ይሰማቸዋል።

ይሁን እንጂ ሁሉም አንድ ዓይነት አይደሉም። አንዱ ጨርሶ ላይናገር ይችላል፤ ሌላው አቀላጥፎ እያነበበ ከጓደኞቹ ጋር መጫወት ግን ያቅተዋል። የዓለም ጤና ድርጅት ባወጣው ግምት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2021 ከ127 ሰዎች መካከል አንዱ ኦቲዝም ነበረበት። እንግዲህ ጥቂት መቶ አባወራዎች ባሉበት ቁምስና ውስጥ እንዲህ ያለ ልጅ የለም ማለት ብዙውን ጊዜ አልታየም ማለት ነው።

ወላጆች ሊያስተውሏቸው የሚገቡ ምልክቶች አሉ። ልጁ አንድ ዓመት ሞልቶት «ባባ»፣ «ማማ» የመሰለ ድምፅ ካላሰማ ወይም በጣቱ ካልጠቆመ፣ በ16 ወሩ አንድ ቃል ካልተናገረ፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃላትን ካላጋጠመ፣ ይልቁንም ይናገር የነበረውን ከተወ፣ «ወንድ ልጅ አፉን ዘግይቶ ይፈታል» እያሉ ዓመታትን መጠበቅ አይገባም። ቀደም ብሎ የተጀመረ ርዳታ የበለጠ ይጠቅማልና።

2. ወላጆች የበደሉት ነገር የለም

እ.ኤ.አ. በ1943 ዓ.ም. ሊዮ ካነር የተባሉ ሐኪም በአሜሪካ በባልቲሞር ከተማ ያዩአቸውን 11 ልጆች ጠባይ ገልጸው በጻፉት ጥናት ይህ ሁኔታ ራሱን የቻለ ስም አገኘ። የሚያሳዝነው ግን ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመታት የተማሩት ሰዎች ራሳቸው በደቀ መዛሙርቱ ጥያቄ መጠመዳቸው ነው። ልጁ እንዲህ የሆነው እናቱ ፍቅር ስለነፈገችው ነው የሚል አስተሳሰብ ተስፋፋ፤ ብሩኖ ቤተልሃይም እ.ኤ.አ. በ1967 ባሳተሙት መጽሐፍ ይህንኑ ለሕዝብ አሰራጩ። በዚህም ስንት እናቶች በሐኪም ፊት ሳይቀር ተወቀሱ!

ይህን ስሕተት ካፈረሱት ሰዎች አንዱ የሥነ ልቡና ባለሙያና ኦቲዝም ያለበት ልጅ አባት የነበሩት በርናርድ ሪምላንድ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1964 ባወጡት መጽሐፍ ምክንያቱ የወላጅ ጠባይ ሳይሆን ከአካል ተፈጥሮ የሚነሣ መሆኑን አስረዱ። እ.ኤ.አ. በ1977 ደግሞ በእንግሊዝ አገር በ21 ጥንድ መንትዮች ላይ የተደረገ ጥናት የዘር ውርስ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አመለከተ። ዛሬ ሳይንስ የሚያስተምረው ብዙ የዘር ውርስና ሌሎች ከልደት በፊት የሚሠሩ ምክንያቶች ተደራርበው ኦቲዝምን እንደሚያስከትሉ ነው። ቡዳ፣ መተት፣ ዐይነ ጥላ፣ የእናት ስንፍና፣ የአባት ኃጢአት ከእነዚህ ምክንያቶች ውስጥ የሉም።

ክትባትም የለበትም። የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያያያዘው እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣ ጽሑፍ ሐሰት መሆኑ ስለተረጋገጠ ያሳተመው የሕክምና መጽሔት በ2010 ሰርዞታል። ስለሆነም ይህን ወሬ ሰምቶ ልጅን አለማስከተብ፣ ያልነበረውን አደጋ ፈርቶ ለእውነተኛው አደጋ ማጋለጥ ነው።

3. የመጀመሪያው ደጅ፤ ጤና ጣቢያ

ምልክቱን ያየ ወላጅ በመጀመሪያ ሊያንኳኳ የሚገባው በአቅራቢያው ያለውን የጤና ተቋም ነው። ጤና ጣቢያው ስለ ኦቲዝም ሰፊ ዕውቀት ባይኖረው እንኳ ሦስት ጠቃሚ ነገሮችን ማግኘት ይቻላል።

ሀ) የጆሮ ምርመራ፦ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ ሁሉ ኦቲዝም አለበት ማለት አይደለም፤ ላይሰማ ይችላል። መስማት የተሳነው ልጅ የሚያስፈልገው የምልክት ቋንቋና ሌላ ትምህርት ስለሆነ ይህ አስቀድሞ መለየት አለበት።

ለ) የሚጥል በሽታ ሕክምና፦ ኦቲዝም ካለባቸው ልጆች ጥቂት የማይባሉት የሚጥል በሽታም አለባቸው። ለኦቲዝም የሚያድን መድኃኒት የለም፤ የሚጥል በሽታ ግን በመድኃኒት ሊገታ ይችላል። ስለዚህ ልጁ ራሱን ስቶ የሚወድቅ ወይም የሚንቀጠቀጥ ከሆነ ሕክምናውን ማዘግየት፣ የታዘዘለትንም መድኃኒት በድንገት ማቋረጥ ለሕይወቱ አስጊ ነው።

ሐ) ወደ ባለሙያ መላክ፦ ኦቲዝምን መርምረው የሚለዩ የሕፃናት የአእምሮ ጤና ባለሙያዎች በአገራችን ጥቂት ናቸው፤ የሚበዙትም በአዲስ አበባ ነው። የካቲት 12 ሆስፒታልን በመሰሉ ስፍራዎች ለመታየት የጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ይጠቅማል። ወላጅ ከመሄዱ በፊት ልጁ መቼ እንደ ሄደ፣ መቼ እንደ ተናገረ፣ ምን እንደሚያስደነግጠው በወረቀት ጽፎ ቢይዝ የሐኪሙን ሥራ ያቀልለታል፤ ከክፍለ ሀገር ለሚመጣ ሰው ደግሞ መመላለስን ይቀንስለታል።

እዚህ ላይ ስለ ጸበልና ስለ ጸሎት መናገር ያስፈልገናል። ልጃቸውን ይዘው ወደ ጸበል የሚሄዱ ወላጆችን አንነቅፍም፤ ጭንቀታቸውን ወደ እግዚአብሔር ይዘው መሄዳቸው የእምነት ሥራ ነው። ነገር ግን የሲራክ መጽሐፍ በምዕራፍ 38 እንደሚያስተምረው ሐኪምም መድኃኒትም ከእግዚአብሔር የተሰጡ ናቸው፤ የታመመ ሰው ይጸልያል፣ ለሐኪምም ስፍራ ይሰጣል። ልጅን በሰንሰለት ማሰር፣ መግረፍ፣ ማስራብ ግን በማናቸውም ስም ቢደረግ ጸሎት ሊባል አይችልም።

4. ቤት እንደ ትምህርት ቤት

ወላጆች ምርመራው አልቆ «ልጃችሁ ኦቲዝም አለበት» ተብለው ሲወጡ ብዙዎቹ የሚጠይቁት «እንግዲህ ምን እናድርግ?» ነው። የባለሙያ ቁጥር ባነሰበት አገር ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው ተስፋ ያለው መልስ ወላጁን ራሱን ማሠልጠን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የዕድገት መዘግየት ያለባቸውን ልጆች ለሚንከባከቡ ቤተሰቦች ያዘጋጀው ሥልጠና ዘጠኝ የጋራ ስብሰባዎችና ሦስት የቤት ለቤት ጉብኝቶች አሉት። ይህ ሥልጠና በአገራችን ተጣጥሞ በአዲስ አበባና በገጠር በአማርኛ ተሞክሯል። ትምህርቱን ለመስጠት ልዩ ሐኪም አያስፈልግም፤ የሠለጠነ የጤና ሠራተኛ ወይም ልምድ ያለው ወላጅ ሊመራው ይችላል። ስለዚህ ወላጆች በጤና ተቋማቸው ወይም ከዚህ በታች በምንጠቅሳቸው ማዕከላት ስለ ሥልጠናው ቢጠይቁ መልካም ነው።

የሥልጠናው ሐሳብ ቀላል ነው፤ ልጁ የሚማረው በተለየ ክፍል ተቀምጦ ሳይሆን በዕለት ኑሮው መካከል ነው። ከዚህ ቀጥሎ በማንኛውም ቤት ሊሠራባቸው የሚችሉትን እንዘረዝራለን።

- ልጁ በሚያየው ነገር ላይ አብሮ ማየት፦ ልጁ በስኒ ሲጫወት ስኒውን ነጥቆ ሌላ ከማስተማር ይልቅ አጠገቡ ቁጭ ብሎ «ስኒ» ማለት። ቃሉ የሚገባው ልቡ ያለበትን ነገር ስንጠራለት ነው።

- አጭር ቃል፣ ረጅም ትዕግሥት፦ «ውሃ»፣ «ና»፣ «በቃ» እያሉ በአጭሩ መናገርና ከዚያም ዝም ብሎ መልሱን መጠበቅ። ብዙውን ጊዜ ልጁ ሊመልስ ሲል እኛ ቀድመነው እንናገራለን።

- ቡናውና ማዕዱ፦ ቡና ሲፈላ ስኒ ማቀበል፣ እጅ ሲታጠቡ ፎጣ ማምጣት፣ እንጀራ ሲቀርብ ድርሻን መጠበቅ ተራን ያስተምራሉ። በየቀኑ የሚደጋገሙ መሆናቸውም ድግግሞሽን ለሚወድ ልጅ ይስማማዋል።

- ሥዕልና ዕቃ፦ የማይናገር ልጅ የሚፈልገውን የሚያሳይበት መንገድ ይሰጠው። የውሃ ጣሳ፣ የጫማ፣ የመጸዳጃ ቤት ሥዕል በካርቶን ላይ ተለጥፎ ሊጠቁምበት ይችላል። ይህ ንግግርን አያስቀርም፤ ጩኸትን ግን ይቀንሳል።

- ለውጥን አስቀድሞ መንገር፦ ነገ ወደ አያቱ ቤት የሚሄድ ከሆነ ዛሬ ይነገረው፤ የሚሄድበትንም ቤት ሥዕል ይይ።

- ከቁጣ በፊት ምክንያቱን መፈለግ፦ ራሱን የሚመታ ወይም የሚጮኽ ልጅ ብዙውን ጊዜ መናገር ያልቻለውን ነገር እየተናገረ ነው። ርቦታል? ጥርሱን ያመዋል? ድምፅ በዝቶበታል? ዱላ ለእነዚህ ለአንዱም መልስ አይሆንም።

- ከጥፋት መጠበቅ፦ ከቤት የመውጣትና የመጥፋት ልማድ ላለው ልጅ ስሙና የወላጁ ስልክ በልብሱ ላይ ይሰፋለት፤ ለጎረቤትና ለሰፈር ጥበቃም ይነገር። ልጁን የደበቀ ቤተሰብ በጠፋ ጊዜ የሚፈልግለት ሰው አያገኝም።

እኅቶችንና ወንድሞችን አንርሳ። የእናትና የአባት ጊዜ ሁሉ በአንዱ ልጅ ሲወሰድ ሌሎቹ ዝም ብለው ይጎዳሉ። ለእነርሱም ስለ ወንድማቸው ወይም ስለ እኅታቸው በግልጽ ሊነገራቸው፣ የየራሳቸውም ጊዜ ሊሰጣቸው ይገባል።

5. ማዕከላትና ትምህርት ቤቶች

በአዲስ አበባ በሚገኙ ሁለት የሕፃናት የአእምሮ ጤና ክሊኒኮች 102 ተንከባካቢዎችን ጠይቆ እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት፣ ሦስት አራተኛ ያህሉ «ያላገኘነው ነገር» ብለው በቀዳሚነት የጠቀሱት ለልጃቸው የሚስማማ ትምህርት መሆኑን ያሳያል። ወላጅ የሚጠይቀው ምጽዋት አይደለም፤ ልጁ የሚቀመጥበትን ወንበር ነው።

በአገራችን ይህን በር መጀመሪያ የከፈቱት ወላጆች ናቸው። ወይዘሮ ዘሚ የኑስ ለገዛ ልጃቸው ትምህርት ቤት ፈልገው ባጡ ጊዜ እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የተባለውን የኦቲዝም ማዕከል በኒያ ፋውንዴሽን ሥር በአዲስ አበባ አቋቋሙ። በፊደላችን ድምፅ ላይ የተመሠረተ አቡጊዳ ፎነቲክስ የተባለ የማስተማሪያ ዘዴም አዘጋጅተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ከዚህ ዓለም በሞት ቢለዩም በአደባባይ ወጥተው «ይህ የኔ ልጅ ነው» ማለታቸው ብዙ ቤተሰቦችን ከጓዳ አውጥቷል። በወላጆች የተመሠረተው የነህምያ የኦቲዝም ማዕከልም በዚያው ከተማ ያገለግላል። እነዚህ ማዕከላት የሁሉንም ልጆች ፍላጎት ሊያሟሉ አይችሉም፤ ተራ መጠበቅ አለ፤ ከአዲስ አበባ ውጭ ለሚኖር ቤተሰብ ደግሞ መንገዱ ሩቅ ነው። ቢሆንም ምክር መጠየቅ፣ ሌሎች ወላጆችን መተዋወቅ፣ ልጅን እንዴት እንደሚያስተምሩ አይቶ መመለስ ራሱ ትልቅ ስንቅ ነው።

በየአካባቢው ባሉ አንዳንድ የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የልዩ ፍላጎት ክፍሎች አሉ፤ በወረዳው የትምህርት ጽሕፈት ቤት መጠየቅ ያስፈልጋል። ወላጅ በዚያ ሲቀርብ ለማኝ ሆኖ ሳይሆን መብት ያለው ዜጋ ሆኖ ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 41 ንዑስ አንቀጽ 5 መንግሥት አቅሙ በፈቀደ መጠን የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸውን እንዲረዳ ያዝዛል። ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2010 ያጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነትም በአንቀጽ 24 የመማር መብታቸውን ያረጋግጣል። ይህን የሚያውቅ ወላጅ «ቦታ የለንም» የሚል መልስ ቢሰጠው ማመልከቻውን በጽሑፍ አቅርቦ መልሱንም በጽሑፍ ሊጠይቅ ይችላል።

6. የቁምስናችን ድርሻ

ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንቸስኮስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2014 ኦቲዝም ያለባቸውን ሰዎችና ቤተሰቦቻቸውን በቫቲካን ተቀብለው ባነጋገሩ ጊዜ፣ እነዚህን ቤተሰቦች ከከበባቸው ብቸኝነትና መገለል ለማውጣት ሁሉም እንዲተባበር አደራ ብለዋል። ከረዳቶቹም መካከል ወላጆችን፣ አያቶችን፣ ጓደኞችን፣ ባለሙያዎችን፣ መምህራንንና የሐዋርያዊ ሥራ አገልጋዮችን ቆጥረዋል። ስለዚህ ቁምስና ከርዳታ ሰጪዎቹ አንዱ እንጂ ተመልካች አይደለም።

ወንጌል ሁለት ምሳሌዎችን ይሰጠናል። የመጀመሪያው መስማትና መናገር የተሳነው ሰው ነው (ማር. 7፥31-37)። ጌታችን ከመፈወሱ በፊት ያደረገውን ልብ እንበል። ሰውየውን ከሕዝቡ ጩኸት ለይቶ ለብቻው ወሰደው፤ በቃል ብቻ ሳይሆን በመዳሰስና በምልክት አነጋገረው። ይህ ለእኛ ትልቅ ትምህርት ነው። በቅዳሴያችን ከበሮው፣ ጸናጽሉ፣ እልልታውና ዕጣኑ ለብዙዎቻችን ደስታ ሲሆን ጆሮው ለሚጨነቅ ልጅ ግን ሥቃይ ሊሆን ይችላል። ከከበሮው ርቆ በበሩ አጠገብ ለቤተሰቡ ቦታ ቢዘጋጅ፣ ልጁ ሲጨነቅ ወጣ ብሎ የሚመለስበት ጸጥ ያለ ክፍል ቢኖር፣ ከቅዳሴ ውጪ ባዶውን ቤተ ክርስቲያን ቢለማመድ ወጪ የሚጠይቅ ነገር የለውም። የሚያስፈልገው ልጁ ሲጮኽ ዞር ብሎ የማያፈጥ ምእመን ነው።

ሁለተኛው ምሳሌ ሽባውን በአልጋ ተሸክመው ጣሪያ ቀድደው ያወረዱት አራት ሰዎች ናቸው (ማር. 2፥1-12)። አንድ ሰው ብቻውን ሊያወርደው ባልቻለም ነበር። ኦቲዝም ያለበትን ልጅ የምታሳድግ እናትም አልጋውን ብቻዋን ይዛ የቆመች ሴት ናት። የቀሩትን ሦስት ማዕዘኖች ማን ይያዝላት?

በዚህ ረገድ በየቁምስናው ሊጀመር የሚችለውን እንጠቁማለን። ቆሞሱና የቁምስናው ምክር ቤት የትኞቹ ቤተሰቦች እንዲህ ያለ ልጅ እንዳላቸው በአክብሮትና በምስጢር ይወቁ። የእናቶች ማኅበር በወር አንድ ቀን ወላጆችን በቡና ያገናኝ፤ አንዷ ያገኘችውን ለሌላዋ ትነግራለች። ወጣቶች ልጁን ለመጠበቅ ተራ ቢገቡ እናት ገበያ ትሄዳለች፤ ታርፋለች፤ ቅዳሴም በጸጥታ ትሰማለች። ወደ አዲስ አበባ ለምርመራ ለሚሄድ ቤተሰብ ማረፊያ የሚሰጥ ዘመድ ወይም ምእመን ይፈለግ።

ምሥጢራትንም በተመለከተ እነዚህ ልጆች እንግዶች አይደሉም። እ.ኤ.አ. የ1983ቱ የላቲን ሥርዓት ቀኖና ሕግ በቁጥር 777 የአካልና የአእምሮ ጉዳት ያለባቸው ሁሉ ሁኔታቸው በፈቀደ መጠን ትምህርተ ክርስቶስ እንዲሰጣቸው ቆሞሱን ያዝዛል። ሌሎች ልጆች በቃል የሚማሩትን እነርሱ በሥዕል፣ በመዳሰስና በመደጋገም ሊማሩት ይችላሉ። «አይገባውም» ብሎ ከመዝጋት በፊት ማን አስተማረው ብሎ መጠየቅ ይገባል።

መደምደሚያ

የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳለፈው ውሳኔ መሠረት በየዓመቱ መጋቢት 24 ቀን የዓለም የኦቲዝም ግንዛቤ ቀን ሆኖ ይከበራል። በቁምስናዎቻችን ይህ ቀን ቢታሰብ መልካም ነው። ቤተሰቦቹ ግን ከቀኑ በኋላም አሉ፤ በማግስቱም ልጁን ያጥባሉ፣ ያበላሉ፣ በሌሊት ይነሣሉ። ጌታችን ዐይነ ስውሩን ሲያገኘው ጥፋተኛ አልፈለገም፤ ምራቁን ከአፈር ለውሶ ሥራውን ጀመረ። እኛም በእጃችን ባለው ነገር እንጀምር፤ ከአንድ ቤት፣ ከአንድ ልጅ፣ ከአንድ የቡና ሰዓት።

ለውይይት የሚረዱ ጥያቄዎች

1. በአካባቢያችን ኦቲዝም ስላለባቸው ልጆች ምን ይባላል? ከእነዚህ አባባሎች ወላጆችን የሚጎዱት የትኞቹ ናቸው?

2. በቁምስናችን ከቅዳሴና ከማኅበር የቀሩ እንዲህ ያሉ ቤተሰቦች አሉን? የቀሩበት ምክንያት ምንድን ነው?

3. በአቅራቢያችን ያለው ጤና ጣቢያና ትምህርት ቤት ምን ሊሰጥ ይችላል? ሄዶ ጠይቆ ለማኅበሩ የሚያስረዳ ማን ነው?

4. ከአልጋው አራት ማዕዘኖች የትኛውን እኔ ልይዝ እችላለሁ?